ሂት ሲንክ የሚይዝ፣ ሲፈለግም የሚለቅ ሙጫ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፤ ስለ ሂት ሲንክ፣ ማለትም የቺፕን ሙቀት ተቀብሎ ወደ አየር ስለሚበትነው ባለ ክንፍ አሉሚኒየም። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሪሲቨርና የዋይፋይ ራውተር እጠግናለሁ። የቺፑ ሂት ሲንክ እየወደቀ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፤ ወር ሳይሞላው ወደቀ። ከዚያ ሁለቱን ቱቦ ቀላቅለው የሚቀቡትን ኢፖክሲ አደረግኩበት፤ እሱ ደግሞ ያዘና አልለቅ አለ። አንዱን ቺፕ ለመቀየር ሂት ሲንኩን በካቻቢቴ ስፈነቅለው ከነቺፑ፣ ከነቦርዱ መዳብ ተነሣ። እንደዚያው በኢፖክሲ የለጠፍኳቸው ሁለት ራውተሮች ደግሞ ተመልሰው መጥተው እጄ ላይ አሉ። አጥብቆ የሚይዝ፣ ስፈልገው ግን የሚነሣ፣ ሙቀትም የሚያስተላልፍ የቱ ነው? አንድ ሻጭ ዋቱ ከፍ ያለውን ግዛ ብሎኛል።»

አብሽር ወንድሜ። አንድ ቦርድ ሳይገነጥል ይህን ሥራ የለመደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ደሴ ላይ ሥራ እንደጀመርኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአንድ ምግብ ቤት ሪሲቨር ሠርቼ ሂት ሲንኩን በሱፐር ግሉ ለጥፌ ሸኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፤ ገና ሳልከፍተው ይሸታል። ሂት ሲንኩ ተላቆ ቁልቁል ወርዶ ፓወር ክፍሉ ላይ ተጋድሟል። አሉሚኒየም መሆኑን አትርሳ፤ የወደቀበትን ሁሉ ሾርት ያደርጋል። የቺፑ መጋል ሳይሆን የሂት ሲንኩ መውደቅ ነበር ሪሲቨሩን የገደለው። የሦስት ቀን ሥራዬን በነጻ ደግሜ ሠራሁ።

ከሻጩ ምክር ልጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነውና። ቱቦው ላይ የሚጻፈው «ዋት በሜትር ኬልቪን» የሚሉት ቁጥር፣ ዕቃው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይናገራል። ሻጩ አልዋሸህም፤ ግን አንተ በምትሠራው ቺፕ ላይ የቁጥሩ ጉልበት ትንሽ ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

የራውተርህ ዋና ቺፕ 15 በ15 ሚሊሜትር ይሁን፤ የሚያወጣው ሙቀትም 3 ዋት። በቺፑና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ሙጫ ውፍረቱ አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር፣ ቁጥሩ ደግሞ 1 ቢሆን፣ ከሙጫው በታችና በላይ ያለው የሙቀት ልዩነት 1.3 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ 5 የሆነ ውድ ዕቃ ብትገዛ ልዩነቱ 0.3 ዲግሪ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ብር ያተረፍከው አንድ ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ከሂት ሲንኩ ወደ አየር ለመውጣት ግን፣ ፋን የሌላት ትንሽ ሂት ሲንክ ለእያንዳንዱ ዋት 20 ዲግሪ ያህል ትጨምራለች፤ በ3 ዋት 60 ዲግሪ ማለት ነው። መኪናው የቆመው መንገድ ላይ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው፤ አንተ መናኸሪያው በር ላይ ትጋፋለህ።

አሁን ሌላውን ስሌት እይ። ሙጫው ተላቆ በቦታው አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር አየር ቢገባበትስ? የአየር ቁጥር 0.026 ነው። ያው 3 ዋት፣ ያው ስፋት፤ ልዩነቱ ከ50 ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳይላቀቅ የሚኖር ሙጫ፣ ቁጥሩ ሰማይ የነካና በወሩ የሚሰነጠቅ ሙጫን ያስከነዳል። መጀመሪያ የምትጠይቀው እንግዲህ «ስንት ዋት ነው?» ሳይሆን «በምን ይላቀቃል?» የሚለውን ነው። በራሱ ጊዜ በምን ይላቀቃል፣ እኔ ስፈልግስ በምን ይላቀቃል? መልሱን ሳላውቅ ቺፕ ላይ የማስጠጋው ሙጫ የለም።

የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሌላ ጉዳይ ነው። 65 ዋት በ30 በ30 ሚሊሜትር ላይ ሲወጣ ያው ቁጥሩ 1 የሆነ ሙጫ 7 ዲግሪ ያስከፍላል፤ እዚያ ቁጥሩ ዋጋ አለው። ግን እዚያ ሙጫ አይገባም። ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ፔስት፣ ተቀብቶ ሂት ሲንኩ በብሎን ወይም በክሊፕ ይታሰራል፤ አበቃ። በስሪንጅ የሚሸጠውን ግራጫ ፔስት ሙጫ ነው ብለው የሚገዙም አሉ፤ ፔስት አይይዝም። ፓድ የሚባለው ለስላሳ ላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ይጣበቅ እንጂ ከላይ የሚጫነው ነገር ይፈልጋል። ቦርድህ ላይ ከቺፑ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ ካለ ሙጫ ከመፈለግህ በፊት እሱን እይ። በስፕሪንግ ወይም በናይለን ፒን ታስሮ የሚያዝ ሂት ሲንክ ከየትኛውም ሙጫ ይሻላል፤ አነሣሡም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሱፐር ግሉ ለምን እንደጣለህ እንይ። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ግትር ይሆናል፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ቺፕ በበራና በጠፋ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። 20 ሚሊሜትር አሉሚኒየም በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 0.023 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ቺፑ ውስጥ ያለው ሲሊከን የዚያን አንድ ዘጠነኛ ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ግትር ሙጫ ይህን በየቀኑ ሲጎተት አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ስትነካው ይወድቃል። መሃሉን ፔስት ቀብቶ አራት ማዕዘኑ ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ የማድረግ ዘዴም አለ፤ ብዙዎች ይምሉበታል። ሰፊ ቺፕ ላይ እሺ ይሁን። 15 ሚሊሜትር ላይ ግን ስትጫነው ፔስቱ ተገፍቶ ማዕዘኑ ጋ ይደርስና ሙጫው ቅባት ላይ ይቀመጣል። እንፋሎቱም በአካባቢው ያሉትን ዕቃዎች ነጭ ዱቄት ያለብሳቸዋል። ተወው።

ኢፖክሲው በተቃራኒው ከሚገባው በላይ ያዘልህ። ጀርባው የብረት ክዳን ያለውና ፈጽሞ የማይነካ ቺፕ ላይ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ጥገና ላይ ግን ራስህን በራስህ ማሰር ነው። ክዳን በሌለው፣ ጀርባው እንደ ጥቁር መስታወት በሚያበራ ቺፕ ላይ ደግሞ ያው የመለጠጥ ልዩነት ግትር ሙጫ ሲያገኝ ቺፑን ራሱን ሊሰነጥቀው ይችላል። «ኢፖክሲውን ከፔስት ጋር ቀላቅለህ አድክመው» የሚል ምክር ትሰማ ይሆናል። ይሠራል፤ ችግሩ ልኩ ነው። ፔስቱ ሲያንስ ያው ድንጋይ ነው፤ ሲበዛ ጨርሶ ሳይደርቅ ይቀራል፤ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ዕቃው ደንበኛው ቤት ከሄደ በኋላ ነው።

የሚቀሩህ ሁለት ናቸው፦ ተርማል ቴፕ እና ተርማል ሲልኮን።

ቴፑ ሁለት ፊት ያለው፣ ሙጫው ውስጥ ሙቀት አስተላላፊ ዱቄት የተዋጠበት ነው። ለምሳሌ የስሪኤም 8810 ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር፣ ቁጥሩ 0.6 ነው። ባሰላነው ቺፕ ላይ 5 ተኩል ዲግሪ ያህል ያስከፍላል። ለ3 ዋት ቺፕ ይህ ምንም አይደለም። ቆርጠህ ትለጥፋለህ፣ ወዲያው ታበራለህ፣ ወደ ታች የሚፈስ ነገር የለም። አነሣሡንም ወደ ኋላ እነግርሃለሁ፤ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሁለት ነገር ግን አጥብቆ ይፈልጋል። አንደኛው ዝርግ ገጽ ነው፤ የቺፑ መሃል ጎድጎድ ካለ ቴፑ ጠርዙን ብቻ ይዞ ሆዱ ውስጥ አየር ያስቀራል። ምላጭ በጠርዙ ቺፑ ላይ አቁመህ በብርሃን ብታይ ይታወቃል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ሱቅ ከፍተህ ቴፕ ብትለጥፍ አይያዝልህም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫው ይደርቅና ገጹን በደንብ አይጨብጥም። ሂት ሲንኩንና ቦርዱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገህ ለጥፍ፣ በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ለጥቂት ሰኮንድ ተጫነው። ወዲያው ቢይዝም ጉልበቱን የሚጨርሰው በሦስት ቀን ገደማ ነው፤ በዚያ መሃል ግድግዳ ላይ አትስቀለው።

ተራውን ስፖንጅ ያለውን ሁለት ፊት ቴፕ በዚህ ቦታ እንዳታስገባ። ስፖንጅ ማለት የታሰረ አየር ነው፤ ሂት ሲንክ ሳይሆን ብርድ ልብስ አለበስከው ማለት ነው። ገበያ ላይ «ተርማል» ተብሎ የሚሸጠውም ሁሉ ተርማል አይደለም። እኔ አዲስ ጥቅልል ስገዛ ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ወስጄ ሁለት እኩል ሂት ሲንክ በአንድ የብረት ቆርቆሮ ጎን ላይ እለጥፋለሁ፤ አንዱን በማምነው ቴፕ፣ ሌላውን በአዲሱ። ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ የፈላ ውሃ አፈሳለሁ። በጣትህ ክንፎቹን ስትነካ አንዱ ሲያቃጥልህ ሌላው ገና ለብ ካለ ነገሩ አለቀ። ከመሣሪያ ይልቅ ጣት የሚበቃበት ፈተና ነው።

ሲልኮኑ በቱቦ የሚመጣ ነጭ ወይም ግራጫ ሊጥ ነው። ስታርስ 922 የሚባለው ነጩ ርካሽ ነው፤ ቁጥሩ ከ1 በታች ነው። የካፉተሩ 5204 ደግሞ 1.6 ነው። ከላይ ያሰላነውን አስታውስና በሁለቱ መካከል አትጨነቅ፤ ያገኘኸውን ውሰድ። ሲልኮን ከደረቀ በኋላ ላስቲክ ነው፤ አሉሚኒየሙ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፣ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ሙቀት አያለሰልሰውም። ላስቲክ ስለሆነም ይቆረጣል፤ እዚህ ላይ ነው የአንተ ጥያቄ መልስ ያለው።

ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ሲልኮን ግን ሌላ ነው። ሙቀት የሚያሳልፍ ዱቄት የለውም፤ ብዙዎቹም ሲደርቁ አሲድ ያወጣሉ። ቱቦውን ከፍተህ አሽትተው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለህ ቦርድ አጠገብ አታድርሰው፤ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

የሲልኮን ትልቁ ጣጣ አደራረቁ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ከጠርዙ ይጀምርና በቀን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር እየገባ ወደ መሃል ይሄዳል። ከላይ አሉሚኒየም ከታች ቺፕ ከሆነ እርጥበቱ የሚገባው በጎን ብቻ ነው። የ15 ሚሊሜትር ቺፕ መሃሉ ከጠርዙ 7 ተኩል ሚሊሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። 35 ሚሊሜትር ላይ ከሳምንት በላይ ይሄዳል፤ ለዚያ ስፋት ባትጠቀምበት ይሻላል። ሙቀት ለማስተላለፍ መድረቁ ግድ ስላልሆነ ዕቃውን አጋድመህ ማብራት ትችላለህ፤ ማቆምና መስቀል ግን ቆይቶ ነው። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ይበልጥ ይዘገያል። እኔ ቦርዱን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን አስገብቼ አጠገቡ አንድ ሲኒ ውሃ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየው «ቡና የምታፈላለት እንግዳ መጣብህ?» ብላኛለች።

ስትቀባ አታብዛ። ለ15 ሚሊሜትር ቺፕ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሃል ላይ አድርግ፣ ሂት ሲንኩን አስቀምጥ፣ ግራ ቀኝ እያሽከረከርክ ተጫን፤ በጠርዙ ቀጭን ክር ብቅ ሲል አቁም። «ይጠንክር» ብለህ በጎን በኩል አትለስነው። ሙጫው የቺፑን ጎን ይዞ ቦርዱ ላይ ከወረደ ሂት ሲንክ፣ ቺፕና ቦርድ አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው፤ ያኔ ሲልኮንም ቢሆን የኢፖክሲን ያህል ያስቸግርሃል። ሙጫ ከቺፑ ጀርባ ወደ ታች አይወርድም። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ።

ከመቀባትህ በፊት ሁለቱንም ገጽ አጽዳ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ እስኪደርቅ ጠብቅ። አሴቶን የቺፑን ጽሑፍና በአካባቢው ያለውን ፕላስቲክ ስለሚበላ አልወደውም። የሂት ሲንኩ ሆድ ከተጫረ ስስ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተህ እሽው። ካጸዳህ በኋላ በጣትህ አትንካው፤ ከምሳ በኋላ ከሆነማ ጭራሽ።

ለእንደ አንተ ያለ ሥራ ፍርዴ ይህ ነው። ቺፑ ዝርግ፣ ሂት ሲንኩ ቀላል፣ ዕቃውም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ቴፕ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ገጹ ጎድጎድ ያለ ወይም እጅ የማያስነካ ሙቀት ያለው ከሆነ ሲልኮን። ከእነዚህ ሌላ ሙጫ ሱቅህ ውስጥ ባይኖር ምንም አይጎድልህም። ሂት ሲንኩንም አሉሚኒየም አድርገው። መዳብ ሙቀት የበለጠ ያስተላልፋል፣ እውነት ነው፤ ግን በተመሳሳይ መጠን ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ያ ሁሉ ቆሞ የሚንጠለጠለው ሙጫህ ላይ ነው። የሂት ሲንኩ ክብደት ከአንድ እንቁላል ከበለጠ ደግሞ የሙጫ ነገር ይቅርና የሚታሰርበትን ፈልግ።

እግረ መንገዴን፣ ከፍታችንም ሂት ሲንክ ላይ ይፈርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ መሄድ ይከብደዋል። እናንተ ጋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ወፈር ይላል፤ ቀኑ ግን ይሞቃል። በየትኛውም በኩል አላተረፍንም። ስለዚህ የወደቀችዋን መልሰህ ከመለጠፍ ተለቅ ያለች፣ ክንፎቿ ራቅ ራቅ ያሉ ብታስቀምጥ ከማንኛውም ውድ ሙጫ የበለጠ ታገኛለህ። የተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በብረት መጋዝ ተቆርጦ ጥሩ ይሆናል። የራውተሩ ክዳን እንዲገጥም ብቻ ለካ።

አሁን ወደ ማንሣቱ። ካቻቢቴህን አርቀህ አስቀምጥ። ቢጂኤ የሚባለው፣ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ያሉት ቺፕ፣ እግሮቹ የስታኞ (የመበየጃ) ኳሶች ናቸው፤ ሲጫኗቸው ይችላሉ፣ በጎን ሲገፏቸውም መጠነኛ ይችላሉ፣ ወደ ላይ ሲፈነቀሉ ግን አንዱ ጥግ ይነሣና ከሥሩ ያለውን መዳብ ይዞ ይመጣል። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሂት ሲንክ አይፈነቀልም፤ ይጠመዘዛል።

ቴፕ ከሆነ ሂት ሲንኩን በፀጉር ማድረቂያ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው፤ በጣትህ መያዝ እስኪያቅትህ ይበቃል። ከዚያ የጥርስ ክር ወይም ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወስደህ በአንዱ ጥግ በሂት ሲንኩና በቺፑ መሃል አስገባ። ሁለቱን ጫፍ ይዘህ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያልክ ወደ ራስህ ሳብ፣ ክሩ ከቦርዱ ጋር እኩል ይሂድ እንጂ ወደ ላይ አይቅና። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ ይልሃል፤ አትቸኩል። አንድ ሦስት ሚሊሜትር ከገባ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፣ ቅቤ እንደሚቆርጥ ይሆናል። ግማሽ ሲደርስ ክሩን ትተህ ሂት ሲንኩን በሁለት ጣት ይዘህ ዝግ ብለህ አዙረው፤ ራሱ ይመጣል። የቀረውን ሙጫ በጣት እያሻሸህ አንከባለው፤ ከዚያ አልኮል።

ሲልኮን ከሆነ ማሞቅ ምንም አይጠቅምህም፤ ያው ክር ነው። በጠርዙ የወጣውን በምላጭ ቆርጠህ ታነሣለህ፣ ክሩን ታስገባለህ፣ ትጋዛለህ። ቢከብድህ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ትንሽ ነጭ ጋዝ ጠርዙ ላይ ጠብ አድርግና ግማሽ ሰዓት ተወው፤ ሲልኮን በነጭ ጋዝ ያብጣል፣ ይደክማል። አልኮልና አሴቶን እሱን አይነኩትም። ተነሥቶ የሚቀረውን ሽፋን በፕላስቲክ ካርድ ፋቀው። ሲልኮን በነበረበት ቦታ መልሶ በደንብ የሚይዘው ሲልኮን ብቻ ነው፤ ጥርት አድርገህ ካላጸዳህ ቴፕም ኢፖክሲም እዚያ ላይ አይቆምም።

እጅህ ላይ ስላሉት ሁለት ራውተሮች። ሱቅ የሚሸጠው፣ እሳት ሳይፈልግ የሚደርቅ ኢፖክሲ አንድ ድካም አለው፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ አብዛኛውን ጉልበቱን ያጣል። ስታኞ ደግሞ እርሳስ ያለው 183፣ እርሳስ የሌለው 217 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለህ። ሆት ኤርህን (የሞቀ አየር የሚነፋውን መሣሪያ) 150 ላይ አድርገህ ከላይ ሂት ሲንኩን ብቻ አሙቅ፤ በአካባቢው ያሉትን ካፓሲተሮች በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናቸው። ቴርሞሜትር ከሌለህ በጣትህ አንድ የውሃ ጠብታ ክንፉ ላይ ጣል አድርግ። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደሴ ላይ 92 ሳይሞላ፤ ጠብታዋ ተንጣጥታ ከጠፋች ደርሰሃል። ሌላ አንድ ደቂቃ ጨምርና ሂት ሲንኩን በፒንሳ ይዘህ በዝግታ አዙር። ቦርዱን ሌላ ሰው ይያዝልህ፤ በአንድ እጅ የሚሠራ አይደለም። እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምር፤ ሙቀት ጨምር።

ሆት ኤሩ እምቢ ቢልህ ሌላው መንገድ ብርድ ነው። ቦርዱን በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆየው፤ ኢፖክሲው ተሰባሪ ይሆናል፣ አሉሚኒየሙም ይሰበሰባል። እንዳወጣኸው ወዲያው አዙር። አንዳንዴ ጧ ብሎ ይለቃል፣ አንዳንዴ ምንም አይል። ክዳን የሌለው ቺፕ ላይ ግን አትሞክረው። ከወጣ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ ድረስ፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ መብራት አታስነካው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ራውተሮች ለምን እንደምታነሣቸው ራስህን ጠይቅ። ቺፑ ደህና ከሆነና ችግሩ ፓወር ላይ ከሆነ ሂት ሲንኩ ባለበት ይቀመጥ፤ ደህና የያዘን ነገር አትነካካው። ቺፑ ከሞተ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ለቺፑ አትሳሳም። ክንፎቹን በመጋዝ ቀንሳቸው፣ ሙቀቱን እየመጠጡ ያስቸግሩሃልና፤ ከዚያ ከታች ቦርዱን እያሞቅክ ከላይ ሆት ኤር ስጥ። ስታኞው ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ ኢፖክሲው ይለቅና ሂት ሲንኩ ተንሸራቶ ይወርድልሃል፤ ቺፑን ለብቻው ታነሣለህ።

አዲሱን ስትለጥፍ በማርከር በሂት ሲንኩ ጎን «ሲልኮን» ወይም «ቴፕ» ብለህ ከነቀኑ ጻፍበት። ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ነጭ ጋዝ ያንሣ ወይስ ፀጉር ማድረቂያ፣ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው አንተው ነህ። ከሁለቱ ራውተሮች ደግሞ በርካሹ ጀምር።